ነጭ መቀነት ያለው ድንጋይ

ታቢታ የምትደውለው እሁድ እሁድ ነው። ያን ጊዜ ግን ማክሰኞ ደወለችና ገና ሰላም ሳልላት ምን ሆነሽ አልኳት። ምንም አልሆነችም። የመጋቢት እረፍቷን ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር በበጎ ፈቃድ ሥራ ልታሳልፍ ነው፤ የሚሠሩትም በእኛው ፓርክ ነው፤ ከጓሮዬ ሆኜ የማየው ጋራ ማዶ።

እኔ ደስታና ጭንቀት ተለያይተው መጥተውልኝ አያውቁም። እሰይ ያልኩበት አፌ ሳይዘጋ ድቡን አሰብኩ፤ የሞላውን ወንዝ፣ በመጋቢት ሳይታሰብ የሚጥለውን በረዶ፣ ቫኑን የሚነዳው ልጅ መንጃ ፈቃዱን መቼ እንዳወጣም አሰብኩ። ሁሉንም ጠየቅኋት።

“እማማ፣ ድቡ እኔን ካገኘኝ የሚያሳዝነው እሱ ነው” ብላ ሳቀች።

ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ታቢታ የልጄ የዌንደል ልጅ ናት። ዌንደል ከእነዚህ ተራሮች በወጣትነቱ ወጥቶ ለፋብሪካ ሥራ ኦሃዮ ሄደ፤ እዚያው አገባ፤ አምና ደግሞ ፈታ። ቤቱ ሲፈርስ ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ ክፍሏን ዘግታ ተቀመጠች። ያን ጊዜ በስልክ ዝም ትለኝ ነበር። እኔም አብሬያት ዝም እላለሁ፤ ስልኩን ግን አልዘጋም። እንግዲህ ያቺው ልጅ ከሰው ጋር ልወጣ ነው ስትል ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ደግሞም የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። ድንጋዩን ላሳያት ፈልጌ ነበር።

ያ ፓርክ ፓርክ ከመሆኑ በፊት የእኛ ሸለቆ ነበር። ቤታችን፣ ወፍጮው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። አሥር ዓመቴ ሳለ መንግሥት ቦታውን ፈለገውና ሁላችንም ወጣን። ከመውጣታችን ቀደም ብሎ በአንድ የብርድ ወር ታናሽ እህቴ ኢዳ ሳል ይዟት ሞተች፤ ገና መዳህ መጀመሯ ነበር። ወንዙ ሞልቶ የእግር ድልድዩን ወስዶታል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር መሻገር አልተቻለም። አባቴ ግቢያችን ውስጥ ከፖም ዛፉ ሥር ቆፈረላት። ውሃው ሲጎድል እናቴ ወንዝ ወርዳ ብዙ ድንጋይ ስታገላብጥ ዋለችና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ በሆዷ አቅፋ አመጣች። በወገቡ ላይ ነጭ መስመር የዞረበት፣ መቀነት የታጠቀ የሚመስል ድንጋይ ነው። ስም አልተጻፈበትም። በእኛ አገር የሕፃን ድንጋይ ላይ አይጻፍም፤ ቤተሰቡ ያውቀዋል፣ ያ ይበቃል ይባላል። ዙሪያውን በብርድ የማይጠወልገውን፣ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣውን ሐረግ ተከለችበት።

ቤተሰቡ ያውቀዋል የተባለው ቤተሰብ አለቀ። ወንድሞቼ ሞቱ፤ ባሌም ሞተ። ዌንደልን አንድ ጊዜ ወስጄው “እማዬ፣ ጫካ ውስጥ ያለ ድንጋይ እኮ ነው” ብሎ ሰዓቱን አየ። በየግንቦቱ ከሸለቆው የወጣን ቤተሰቦች ተሰብስበን እንመለሳለን፤ የማልበሻ እሁድ እንለዋለን። መቃብሩን ሁሉ አበባ እናለብሳለን፣ የማናውቀውንም ሳይቀር፤ አንድም መቃብር ራቁቱን አይቀርም። ከዚያ ሣሩ ላይ አንሶላ ዘርግተን እንበላለን። ሰዉ ሲበላ እኔ ብቻዬን ወደ ድሮ ግቢያችን ወጥቼ ኢዳን አለብሳታለሁ። ጉልበቴ አሁን አሁን እምቢ ይለኛል። እኔ የቀረሁ ቀን ያ ድንጋይ እውነትም ጫካ ውስጥ ያለ ድንጋይ ይሆናል።

ታቢታን እስከዛሬ ያልወሰድኳት በፍርሃቴ ነው። ልጅ ሳለች በሙቀቱ ወራት ስትመጣ እባብ አለ ብዬ ከአጥሩ አላሳልፋትም ነበር። ካደገች ወዲህ ደግሞ ግንቦት ፈተና ነው። አሁን ግን እግሯ ራሱ እዚያ ሊያደርሳት ነው። ረቡዕ ከሰዓት ነፃ ነን፣ መጥቼ አድራለሁ አለችኝ። እንግዲያው ረቡዕ ገና ብርሃን ሳለ ወስጄ አሳያታለሁ፣ ከዚያ እራት እንበላለን ብዬ ቆረጥኩ።

ያ ሳምንት ዝናብ ነበር። ወደ ፓርኩ ቢሮ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አንዷን ልጆቹ ደረቅ ቦታ ነው ወይ የሚተኙት አልኩ፤ ሌላዋን ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የመለሰችልኝ ሴት ትሕትና ነበራት። ማታ ታቢታ ደወለች። “እማማ፣ ሰዎቹ እኮ ‘የአያቷ ልጅ’ እያሉ ነው የሚጠሩኝ” አለች። ከዚያ ወዲያ አልደወልኩም፤ መስኮት ላይ ተቀምጬ ጋራውን ማየት ግን አልተውኩም።

ረቡዕ ቦሎቄ ቀቀልኩ፤ የበቆሎ ዳቦ ጋገርኩ፤ ከሁለት ቀን በፊት በደረቅ ፖም አነባብሬ የሠራሁት ኬክም ጣዕሙ ገብቶ ለስልሶ ነበር። ጎረቤቴ ሃርላን ፒካፑን አሙቆ ሊወስደን በራፌ ላይ ቆሟል። ሃርላን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለእኔ ሹፌር መሆን የሚወድ፣ የወደደውንም በነገር የሚያጣፍጥ ሰው ነው። ሰዓቱ አለፈ። ስልኩ ጮኸ። ቫኑ አንድ ነው፤ ልጆቹ ተመካክረው ከተማ ወርደን ፒዛ እንብላ ብለዋል፤ እሷን ብቻዋን ወዲህ የሚያደርሳት የለም። ሃርላን እንዲመጣ ልላት አፌን ስከፍት ከኋላዋ ሲሳሳቁ ሰማሁ፤ እሷም አብራ እየሳቀች ነበር። ተውኩት። ሂጂ፣ ተጫወቺ አልኳት። ቅዳሜ ወደ ኦሃዮ ስንመለስ በቤትሽ እናልፋለን አለች።

“አይዞዎት እትዬ ቬርዲ” አለ ሃርላን ኮፍያውን እያወለቀ፣ “ቦሎቄውን የሚጠላ ሰው እዚህ የለም።” አብሮኝ በላ። እሱ ከሄደ በኋላ ለታቢታ ያወጣሁትን ሳህን ምንም ሳይነካው አጠብኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ቫኑ መጣ። ልጆቹ ጫማችን ጭቃ ነው ብለው በረንዳው ላይ ቆመው ኬኩን በእጃቸው በሉ። ታቢታ ከስታለች፤ ፊቷ ግን በፀሐይና በንፋስ በርቷል፤ መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቷል። ቅባት ላምጣ ብዬ ስነሳ ይዛ አስቀመጠችኝና ካሜራዋን አወጣች።

“ይሄን እዪ። ጎርፍ የበላው መንገድ ነበር፤ ደረጃ ሠራንለት። የእኔና የዶሚኒክ ነው።”

ዶሚኒክ ከአጠገቧ የቆመ ግዙፍ ልጅ ነው። “እሷ ትመርጣለች፣ እኔ እሸከማለሁ” አለኝ አፉ ኬክ እንደሞላ። “አህያዋ ነበርኩ።”

“አህያ እንኳ ይሻላል፣ አያወራም” አለችው።

በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ደረጃው ይታያል። ከመሃል ከሁሉም የሰፋው ድንጋይ አለ፤ በዝናብ ታጥቦ ወገቡ ላይ ያለው ነጭ መስመር አብርቷል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፤ መልሼ አደረግሁ። ይሄን ከየት አመጣችሁት አልኳት።

“ከላይ፣ ከሜዳው። ሐረጉን ንቀሉ ብለውን ነበር፣ ባዕድ ተክል ነው ጫካውን ያፍነዋል ተብሎ። ስንነቅለው ይሄ ከሥሩ ብቅ አለ። ብቻውን ነበር እማማ፤ በአካባቢው ሌላ እንደሱ ያለ የለም። እኛን ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ታውቂያለሽ፣ በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር ይሄ ብቻ ነው።”

ያምራል አልኳት። እውነትም ያምር ነበር። ቫኑ ሲወጣ እስከ ኩርባው ድረስ እጇን በመስኮት አውጥታ አወዛወዘችልኝ፤ እኔ ግን እጅሽን አስገቢ እያልኩ ነበር፣ ባትሰማኝም።

በማግስቱ ሃርላን ወሰደኝ። ከመኪናው ወርደን ቀስ ብለን ወጣን። ደረጃው ጋ ስንደርስ በጎን በኩል በሣሩ ላይ ሥር እየያዝኩ አለፍኩት። ላይ የድሮው ግቢያችን የምድጃ ክምር ድንጋይ አለ፤ እናቴ የተከለችው ቢጫ አበባም በአጥር ቦታ ተደርድሮ እንደየዓመቱ ፈክቷል። ሐረጉ የለም። የፖም ዛፉ ከነበረበት ቦታ ላይ የተቆፈረ የሚመስል ጎድጓዳ አለ፤ ዝናቡ ሞልቶት ሰማይ ይታይበታል።

ሃርላን ነገሩ የገባው ቆይቶ ነው። ሲገባው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ መኪና ውስጥ ዶማና ብረት አለኝ፣ አሁን ነቅዬ እመልስልዎታለሁ አለ። ተው አልኩት። እንግዲያው ለፓርኩ ሰዎች ይንገሩ፣ ክፉ አይደሉም፣ ባወቁ ኖሮ አይነኩትም ነበር፣ በአንድ ቀን ይመልሱታል አለኝ። እሱም እውነት ነው። ግን ከነገርኳቸው ታቢታ ትሰማለች። የሕፃን መቃብር አፍርሳ ደረጃ እንደሠራች ትሰማለች፤ ያውም የገዛ አያቷን እህት። ጀምሬ የጨረስኩት ይሄ ብቻ ነው ያለች ልጅ ናት። ያ የተዘጋ ክፍል ትዝ አለኝ።

“እና ሰው እየረገጣት ይለፍ?” አለ ሃርላን።

ወደ መኪናው መውረድ ጀመርኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም። ሚያዝያን በሙሉ ሌሊቱን ጫማ ሲራመድ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ሲወጣ ደስ አይለኝም፤ ፀሐይ ካለ እንግዳ ይበዛል፣ እንግዳ ከበዛ ያ ደረጃ ይረገጣል። ዝናብ ሲጥል ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ደግሞ በዝናብ የሚነዱት ያሳስቡኛል። ለታቢታ በየእሁዱ ደህና ነኝ እላታለሁ። እሷ ትናገራለች፤ ስለ ፈተናዋ፣ ስለ ዶሚኒክ፣ ስለ ደረጃው። በኦሃዮ ለሚያውቃት ሁሉ ፎቶውን አሳይታለች። ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ከመደወሏ በፊት ከነበረው የባሰ ጭር ይላል።

በግንቦት መጀመሪያ ፈተናዬ ቀደም ብሎ ያልቃል፣ ለማልበሻ እሁድ እመጣለሁ አለችኝ። ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር ነው። “ደረጃዬን በእግርሽ ወጥተሽ እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ” አለች።

መጣች። ከጓሮዬ የቆረጥኩትን አበባ በባልዲ ተሸከመች። በቤተ ክርስቲያኑ መቃብር የአባቴንና የእናቴን አለበስን፤ የማናውቃቸውንም አለበስን። ሰባኪው አጭር ጸሎት አደረገ። ታቢታ ከማታውቃቸው ዘመዶቿ ጋር ስትጨባበጥ፣ አሮጊቶቹ ጉንጯን እየቆነጠጡ የዌንደል ቅንድብ ነው ሲሏት ቆሜ አየሁ። ሰዉ ሊበላ ሲቀመጥ አሁን ወደ ደረጃዬ አለችኝ። ባልዲው ውስጥ ለኢዳ ያስቀረሁት አበባ አለ። ለምን እንደያዝኩት አልጠየቀችኝም።

ክንዴን ይዛ አንድ አንድ እያልን ወጣን። በቤቴ ሆኜ አጥንቼዋለሁ፤ መሃሉ ላይ ስንደርስ እግሬን አንስቼ እሻገረዋለሁ፣ ከጠየቀችኝ ያንሸራትታል እላታለሁ። ደረስን። ክንዷን ተደግፌ እግሬን አነሳሁና ተሻገርኩት፤ ጉልበቴ ጮኸ።

“ለምን ዘለልሽው?”

“ያንሸራትታል፣ ታቢ።”

ሳቀች። “እማማ ደግሞ፣ ፍርሃትሽ! ከሁሉም የጠነከረው እሱ ነው፤ በእጄ ነው ያስቀመጥኩት። ይኸው” ብላ በሁለት እግሯ ወጣችበትና ረገጠችው። ደግማ ረገጠችው።

“ውረጂ” አልኳት። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እንደዚያ ተናግሬያት አላውቅም። “ታቢታ፣ ውረጂ። እህቴ ናት።”

ወረደች። ከዚያ ወዲያ መሸሸግ አልተቻለም። ጎድጓዳው ጋ ቆመን ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳሉን፣ ድልድዩን፣ እናቴ ወንዝ ወርዳ ስትመርጥ እንደዋለች። አታውቂም ነበር፣ ማንም አያውቅም ነበር፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም እያልኩ ደጋገምኩ። ደጋግሜ ስላልኩት ይሆናል ጥፋት የመሰለው። እሷ ጎድጓዳውን እንጂ እኔን አታይም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“ከመጋቢት ጀምሮ ታውቂ ነበር?”

አዎ አልኳት።

አበባውን ከባልዲው አውጥታ ጎድጓዳው ዳር አስቀመጠች። ስንወርድ እሷም በሣሩ በኩል ወረደች። ምሳ አልበላችም። ማታ ልብሷን አጣጥፋ ስትከት በሩ ላይ ቆሜ መንገዱ ጨልሟል፣ ነገ ብትሄጂ አልኩ፤ ነገ ሥራ እጀምራለሁ አለች። ሳመችኝ፤ ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር። በተከታዩ እሁድ አልደወለችም። በሚቀጥለውም አልደወለችም። ዌንደልን ጠየቅሁት፤ ደህና ናት፣ ትንሽ ዝም ብላለች አለኝ። ዝም ብላለች ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እሱ አይገባውም።

ሃርላን መምጣቱን አላቋረጠም። “ልጅ ነች፣ ይወጣላታል” ይለኛል። ስንት ልጅ አሳድገሃል አልኩት አንድ ቀን፤ ልጅ እንዳልነበረው እያወቅሁ። ወዲያው ይቅርታ ጠየቅሁት። “ውሾቼን አይቁጠሩብኝ እንጂ” አለና ቡናውን ጠጣ።

ሰኔ ላይ ከፓርኩ ቢሮ ተደወለ። በመጋቢት የመለሰችልኝ ያቺው ትሑት ሴት ናት። የልጅ ልጅዎ ደውላ ሁሉንም ነግራናለች፣ በጣም አዝነናል፣ ድንጋዩን ልንመልስ ስለሆነ ቦታውን በትክክል ሊያሳዩን ይችላሉ ወይ አለችኝ። መቼ ደወለች አልኩ። በማልበሻው እሁድ ማግስት። እንግዲህ ለእነሱ ደውላለች፤ ለእኔ አይደለም።

ሃርላን ወሰደኝ፤ ሴትዮዋም መጣች። ሁለት ሠራተኞች ድንጋዩን ነቅለው፣ በሸራ ጠቅልለው፣ እንደ ሰው ለሁለት ተሸክመው አወጡት። ነጩ መስመር ወደ ምሥራቅ እንዲዞር አሳየኋቸው። ሐረጉን ግን አንተክልም አሉ፤ እሺ አልኩ። ለብቻዬ ትንሽ ተውልኝ አልኳቸውና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኢዳ ተመልሳለች። ታቢታ ግን ሄዳለች። አንዷን ለማግኘት ሌላዋን የሰጠሁ ይመስለኝ ጀመር፤ እናቴ ብትኖር ለማን ታዝን ነበር ብዬ አሰብኩ።

ስንወርድ ደረጃው ጋ ቆምኩ። ድንጋዩ በወጣበት ባዶውን ሞልተውት የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር፤ የሸፈኑት ግን በሳንቃ ነው። ሳንቃው ደግሞ አንድ ጫፉ ብድግ ይላል። ምነው፣ ሰው ይወድቃል እኮ፣ ለምን ድንጋይ አታስገቡበትም አልኩ፤ በዚያ ሁሉ ሐዘኔ መሃል የታየኝ ያ ነበር።

ሴትዮዋ ወደ ሳንቃው አየችና “እንድናስገባበት አልፈቀደችልንም” አለች። “እስክመጣ እንዳትነኩት አለች። ወንዝ ወርጄ ራሴ ነው የምመርጠው ብላናለች።”

መቼ ነው የምትመጣው አልኩ። አልነገረቻቸውም። ሥራ እንደጨረስኩ ብቻ ነው ያለቻቸው።

ሳንቃውን በእግሬ ሞከርኩት፤ ተንቀጠቀጠ። ሃርላን እጁን ዘረጋልኝና ተሻገርኩ። ቤት እንደደረስን ሚስማርና መዶሻ ይዞ ነገ ተመልሶ እንዲያጠብቀው ነገርኩት፤ እሷ እስክትመጣ አንድ ሰው ቢወድቅበት የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። ደግሞም ወንዙ። በበጋም ቢሆን ያ ወንዝ አይታመንም፤ ድንጋዩ ያዳልጣል። ስትመጣ የላስቲክ ጫማ ያስፈልጋታል። የባሌ አለ፣ ይሰፋታል፤ ወፍራም ካልሲ ደርባ ትጫማዋለች። አውርጄ ከአቧራው ጠርጌ በሩ አጠገብ አቆምኩት።